የኢንቬንተሪ ግሩፕ እንደ ቫሪያብል ምንድን ነው?

አንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያዋቅር መሣሪያ) የነካ ሰው ኢንቬንተሪ ፋይልን፣ ማለትም የሰርቨሮቹን ዝርዝር፣ ያውቀዋል። ሰርቨሮቹን «ዌብ»፣ «ዲቢ» እያላችሁ በግሩፕ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ፕሌይቡኩ (ሥራዎቹ የሚጻፉበት ፋይል) ላይ ይሄ ሥራ ዌብ ላይ ይሂድ ትላላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ነገር ግን ያው ግሩፕ ፕሌይቡኩ ውስጥ እንደ ቫሪያብል ይነበባል፣ ትልቁን ድካም የሚቀንሰውም ይሄ ነው።

አንሲብል ኢንቬንተሪውን ሲያነብ «ግሩፕስ» የሚባል ቫሪያብል ራሱ ሞልቶ ያስቀምጣል። የግሩፕ ስም ስትሰጡት በውስጡ ያሉትን ሰርቨሮች ስም በሊስት ይመልሳል። «ኦል» ካላችሁት ሁሉንም ያመጣል። «ግሩፕ ኔምስ» ደግሞ ሌላ ነው፦ አሁን ሥራ ላይ ያለው ሰርቨር የትኞቹ ግሩፖች ውስጥ እንዳለ ይነግራችኋል። ሁለቱን አታምታቱ።

ኤችኤፕሮክሲ ሎድ ባላንሰር (ሪኩዌስቶችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል) አላችሁ እንበል፣ ከኋላው 3 ዌብ ሰርቨሮች። የሦስቱን አይፒ ኮንፊጉ ውስጥ በእጃችሁ ከጻፋችሁ፣ 4ኛው ሲመጣ ኢንቬንተሪውንም ኮንፊጉንም መንካት ግድ ነው፤ ኮንፊጉን የረሳችሁ ቀን አዲሱ ሰርቨር ሁሉ ነገሩ ተጭኖለት፣ ሰርቪሱ ተነስቶ፣ አንድም ሪኩዌስት ሳይደርሰው ይቀመጣል፤ ምንም ኤረር ስለማይወጣ ቶሎ አይታወቅም። ኮንፊጉ የሚወጣበት የጂንጃ ቴምፕሌት ውስጥ ግን በዌብ ግሩፕ ላይ ፎር ሉፕ ካዞራችሁ ለእያንዳንዱ ሰርቨር አንድ መስመር ይጻፋል። ኢንቬንተሪው ላይ አንድ ስም ጨምሮ ፕሌይቡኩን ማስኬድ ይበቃል።

ሊስቱ የሚሰጠው ስም ብቻ ስለሆነ አይፒውን የእያንዳንዱን ሰርቨር ቫሪያብሎች ከያዘው፣ «ሆስትቫርስ» ከሚባለው ታወጣላችሁ። ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። አንሲብል ፋክት (እንደ አይፒ ያለ፣ ከሰርቨሩ ራሱ የሚያገኘው መረጃ) የሚሰበስበው በዚያ ሩጫ ከነካቸው ሰርቨሮች ነው። ፕሌዩ (የፕሌይቡኩ አንዱ ክፍል) ሎድ ባላንሰሩ ላይ ብቻ ከሄደ የዌቦቹ ስም ሊስቱ ላይ አለ፣ ከፋክት የሚመጣው አይፒያቸው ግን የለም፣ «አንዲፋይንድ» ብሎ ይቆማል። ሊሚት ስትጠቀሙም ያው ነው፤ ሊሚት ሥራው የሚሄድበትን ይገድባል እንጂ «ግሩፕስ»ን አይቀንስም። አንዳንዱ ከላይ ዌብ ላይ ፋክት ብቻ የሚሰበስብ ፕሌይ ይጨምራል፣ ሊሚት ከመጣ ግን እሱም ይታለፋል። ከዚያ ይልቅ ቀድሞ የተሰበሰበውን ፋክት የሚያስቀምጠውን ፋክት ካሽ ማብራት ይሻላል። እኔ የምመክረው አይፒው ቋሚ ከሆነ እዚያው ኢንቬንተሪ ላይ ከስሙ ጎን መጻፍ ነው፣ ምክንያቱም ከኢንቬንተሪ የመጣ ቫሪያብል ፋክት ተሰበሰበም አልተሰበሰበም ሁሌ አለ።

ሌላው፣ «የዲቢ ግሩፕ የመጀመሪያው ሰርቨር ማስተር (ዋናው ዳታቤዝ) ነው» ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ነው። ያስፈራኛል። አንድ ሰው ፋይሉን ላስተካክል ብሎ ሁለት መስመር ቢያቀያይር ማስተሩ ተቀየረ ማለት ነው፣ ማይግሬሽኑም (የዳታቤዙ መዋቅር ለውጥ) ሬፕሊካው፣ ማለትም የማስተሩ ቅጂ፣ ላይ ሊሄድ ነው። «ዲቢ ማስተር» የሚል አንድ ሰርቨር ብቻ የያዘ ግሩፕ ክፈቱና ከእሱ አንብቡ። ስሙን ስትጽፉት በሰረዝ ሳይሆን በአንደርስኮር አያይዙት፣ በሰረዝ ከሆነ አንሲብል ዋርኒንግ ያወጣል።