አስፋልት መዋያ ሲሆን

መንገድ የመኪና ነው ብለን ስለለመድን፣ መሃል አስፋልት ላይ ወንበር ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ብናይ መጀመሪያ የምንለው "ምን ነካው?" ነው። በብዙ ከተሞች ግን አርቲስቶች፣ አርክቴክቶችና የሰፈር ሰዎች ይሄንኑ ሆን ብለው ያደርጉታል። ለጥቂት ሰዓት፣ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ በጋ መንገዱን ከመኪና ይቀበሉና የሰው መዋያ ያደርጉታል። ዕቃው ተራ ነው፤ ቀለም፣ ወንበር፣ የአበባ ሳጥን፣ ጣውላ።

ስሙ የገነነው የሳን ፍራንሲስኮው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሪባር የሚባል የዲዛይን ቡድን አንድ የመኪና ማቆሚያ መረጠና እንደ ማንኛውም ሹፌር የሁለት ሰዓት ኪራይ ከፈለ። መኪና ግን አላቆመም። ሳር አነጠፈ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ዛፍ አስቀመጠ። ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ ሳሩን ጠቅልሎ፣ ቦታውን ጠርጎ ሄደ። እኔ የምወደው የክፍያውን ነገር ነው፤ ኪራዩን እስከከፈልክ ድረስ የግድ መኪና አቁም ያለህ ማነው? ነገሩ ተዛምቶ ዛሬ "ፓርኪንግ ዴይ" ተብሎ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ዓርብ በብዙ አገሮች ይደረጋል። ሳን ፍራንሲስኮም ቆይታ ለ"ፓርክሌት"፣ ማለትም በመኪና ማቆሚያ ላይ ለሚሠራ ትንሽ መናፈሻ፣ ፈቃድ መስጠት ጀመረች።

መንግሥት ራሱ የሚያካሂደውም አለ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እሁድ እሁድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለብስክሌትና ለእግረኛ ትለቃለች፤ ዛሬ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2002 የሴን ወንዝ ዳር አውራ ጎዳናን በበጋ አሸዋ አልብሳ የባሕር ዳርቻ አስመሰለችው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይምስ ስኩዌር ላይ ብሮድዌይ የሚባለውን ጎዳና ለሙከራ ለመኪና ዘግታ ርካሽ የጓሮ ወንበር ደረደረችበት። ሰው ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2010 መንገዱ እንደተዘጋ እንዲቀር ተወሰነ።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ካልሠራ በማግስቱ ይነሳል፣ ቢሠራ ደግሞ ክርክሩን ወረቀት ላይ ሳይሆን ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ታየዋለህ። በርግጥ አንዳንዱ ለፎቶ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ተቀብቶ፣ ባለሥልጣን ፎቶ ተነስቶበት፣ በወሩ የሚያጸዳው ይጠፋል። አንዳንዱም ድሮም ደህና ለነበረው ሰፈር እንጂ መቀመጫ ለቸገረው አይደርስም።

ዝርዝሩም ቀልድ አይደለም። አምቡላንስ ማለፊያ ይፈልጋል፣ ዊልቸርም እንደዚያው። የፓርክሌት ወለል ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ሆኖ ሥሩ ግን ውሃ ማሳለፍ አለበት፤ ቦዩን ከደፈኑት አንድ ዝናብ ሲጥል መናፈሻው ኩሬ ይሆናል።