ፊሺንግ ምንድን ነው? ለልጅስ እንዴት ይነገራል?

ባሕር ዳር ላደገ ልጅ ፊሺንግን ማስረዳት አይከብድም። ጣና ዳር ወርዶ መንጠቆ አይቷል። መንጠቆ ባዶውን አይጣልም፤ ትል ይሰካበታል። ቀረሶ የምትባለው ዓሣ የምታየው ትሉን ነው። ፊሺንግም ይኸው ነው፤ የሚያጓጓ ወይም የሚታመን መልእክት ልኮ፣ ሰውን አታሎ የይለፍ ቃሉን ወይም ኮዱን መውሰድ።

ቃሉም የመጣው ከዚያው ነው። ፈረንጆቹ ዓሣ ማጥመድ የሚሉበትን ቃል ወስደው አጻጻፉን ትንሽ ቀየሩት። መሰማት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። ያኔ አሜሪካ ኦንላይን በሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አንዳንዶች የድርጅቱ ሠራተኛ መስለው ለደንበኞች ይጽፉ ነበር። አካውንትዎን እናረጋግጥ፣ የይለፍ ቃልዎን ይላኩልን ይላሉ። ሰውየው አምኖ ይልካል። አለቀ። ኮምፒውተሩን የሰበረ የለም፤ ቁልፉን ያቀበለው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ዘዴው ዛሬም ያው ነው፤ የተቀየረው ትሉ ነው። ነፃ ጂቢ። ነፃ የቴሌግራም ፕሪሚየም። ለጌም የሚሆን ዳይመንድ። "ውድድር ላይ ነኝ፣ ቮት አድርጉልኝ" የሚል ሊንክ። የፈተና ውጤት ሊወጣ ሲል ደግሞ "ውጤትህን ቀድመህ እይ"። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። አንዳንዱ የጣና ዓሣ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣል፤ መረብ የሚዘረጋውም ወንዞቹ ሐይቁን በሚገናኙበት አፍ ላይ ነው። አጭበርባሪም ልጆች ተሰብስበው የሚያልፉበትን ሰዓት ያውቃል።

በቀደም ማታ አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ ጓደኛዬ በስህተት ወደ አንቺ የመጣ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ እያለችኝ ነው።"

አየሁት። ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ ከቴሌግራም ነን ቢሉ እንኳ ለማንም አትስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮት አለ። ኮዱ የእናቷን አካውንት ሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ነው።

"እሷ እኮ ናት! ፎቶዋ ይኸው" አለች።

"እስቲ ደውዪላት።"

ደወለች። ጓደኛዋ ምንም አልጻፈችም። ጠዋት ለሆነ ውድድር ቮት አድርጋ ኮድ አስገብታ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ ያልጻፈችው መልእክት ከእሷ አካውንት ይወጣል። ስልኩ የአባቷ ነው። እንዳይቆጣት ፈርታ ዝም ብላለች።

ሊንክ እንዳትነካ እያልን ስንጮህ የምንረሳው ይሄን ነው። ልጅ አንድ ቀን መንካቷ አይቀርም። (እኔም አንዴ ነፃ ጂቢ ብዬ ነክቻለሁ፤ ለልጄ አልነገርኳትም።) ከነካች በኋላ ግን ሰዓት ወሳኝ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ባለቤቱ ግን ሌባውን በዚያው ደቂቃ ማባረር ይችላል። ቁጣን ፈርቶ ሲድበሰበስ የዋለ ቀን የሚቆጠረው ለሌባው ነው። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን የሚደርስልህ አዋጁ አይደለም።

ስለዚህ ለልጄ የነገርኳት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ኮድ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ደውለሽ ድምፁን ስሚ። ከተሳሳትሽ ደግሞ ሮጠሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ሁለተኛው ለእኔ ነው የከበደኝ።

የዚያን ዕለት ማታ የጓደኛዋን አባት ስልክ ላይ አገኘኋቸው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር እንዲያዩ ነገርኳቸው። ሁለት ስልክ አለ አሉኝ። እሳቸው ያላቸው አንድ ነው። ሌላውን አስወጡት፤ ከዚያ ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል አስገቡ። ልጅቷ ከጎናቸው ታለቅስ ነበር።

"ኧረ በቃ፣ ወጥቷል እኮ" ሲሏት ይሰማኛል።