ዕዳ ሲበዛ፦ ስለ ነጻ የዕዳ ምክር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክሬዲት ካርድ ሞልቶ ሚኒመሙን መክፈል ሲያቅት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሌላ ካርድ አውጥቶ መሙላት ነው፤ ቀጥሎ ስልክ አለማንሳት። አሜሪካ ውስጥ ግን ለዚሁ ችግር የተቋቋሙ፣ ለትርፍ የማይሠሩ የክሬዲት አማካሪ ድርጅቶች አሉ። ብዙዎቹን በአባልነት ያቀፈው ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ ከ1951 ጀምሮ የነበረ ነው። ከእነሱ ሌላ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ነጻ ጠበቃ የሚያቆሙ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች አሉ፤ ሜሪላንድ ሊጋል ኤድ፣ በዲሲ ሊጋል ኤድ ዲሲ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ። የትኛው ጋ መሄድ እንዳለበት ግራ የገባው ወደ እርዳታ ሰጪዎች በሚመራው የስልክ መስመር 211 ይደውል። እዚህ የተጠቀሱት ቀነ ገደቦች በአብዛኛው የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ናቸው፤ ሌላ ስቴት ያላችሁ የስቴታችሁን አጣሩ።

«ነጻ ይሉና ኋላ ያስከፍሉኛል»

የመጀመሪያው ምክር ነጻ ነው፤ በስልክ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አማካሪው ገቢና ወጪን ይመዘግባል፣ ዕዳዎቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ያሉትን መንገዶች ይነግራል። ክፍያ የሚመጣው «ዴት ማኔጅመንት ፕላን» የሚባለው የአከፋፈል ዕቅድ ውስጥ ከገቡ ነው። እሱም አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ ነው፤ አቅም ለሌለው ይቀነሳል ወይም ይቀራል፣ ካልጠየቁ ግን ማንም አያነሣልዎትም።

ታዲያ የአማካሪውን ደሞዝ ማን ይከፍላል? በከፊል ባንኮቹ ራሳቸው። ደንበኛው ጭራሽ ከሚያቆም በዝቅተኛ ወለድ ቢከፍል ስለሚሻላቸው፣ በዕቅዱ ከሚሰበሰበው ጥቂት ድርሻ ለድርጅቱ ይሰጣሉ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። አማካሪው ወደ ዕቅዱ ብቻ የሚገፋ ከመሰለዎት «ባንክራፕሲስ? ሌላስ ምን አማራጭ አለ?» ብለው ይጠይቁ፤ ባንክራፕሲ በፍርድ ቤት በኩል ከዕዳ መገላገል ነው።

«ዕዳህን በግማሽ እንቀንሳለን የሚሉትም ያው ናቸው»

አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሴትልመንት ኩባንያዎች ይባላሉ፤ ለትርፍ የሚሠሩ ናቸው። የመጀመሪያ ምክራቸው «ለባንኩ መክፈል አቁም፣ ገንዘቡን እኛ በምንነግርህ አካውንት አጠራቅም» የሚል ነው፤ ባንክ በወቅቱ ከሚከፍል ሰው ጋር ስለማይደራደር። እስኪደራደሩ ድረስ ግን ወለዱና የመዘግየት ቅጣቱ ይቆለላል፣ ክሬዲት ይወድቃል፣ ክስም ሊመጣ ይችላል። ባንኩም የመስማማት ግዴታ የለበትም።

በቁጥር እንየው። 14,000 ዶላር የካርድ ዕዳ በ26 በመቶ ወለድ አለ እንበል። በወር ወለዱ ብቻ 303 ዶላር ገደማ ነው፤ ሚኒመሙ 440 አካባቢ ቢሆን ዋናውን ዕዳ የሚነካው 140 እንኳን አይሞላም። በአማካሪ ድርጅት ዕቅድ ባንኮቹ ወለዱን ወደ 8 በመቶ ቢያወርዱት፣ በወር 284 ዶላር በ5 ዓመት ያልቃል፤ ጠቅላላ ወለዱ 3,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዋናው ዕዳ አይቀነስም፣ ካርዶቹም ብዙ ጊዜ ይዘጋሉ፤ ለዚህ ቀድመው ይዘጋጁ።

በሴትልመንት በኩል ደግሞ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ካስመዘገቡት ዕዳ ከ15 እስከ 25 በመቶ ነው። በ20 በመቶ ብናሰላ ለኩባንያው ብቻ 2,800 ዶላር። ባንኩ 7,000 ተቀብሎ 7,000 ቢተው፣ ከ600 ዶላር ጀምሮ የተተወ ዕዳ በ1099-ሲ ፎርም ለታክስ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ስለሚደረግ እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ዕዳው ከተተወበት ጊዜ በፊት ዕዳዎ ከንብረትዎ ይበልጥ ከነበረ በ982 ፎርም ከታክሱ ሊድኑ ይችላሉ፤ ለታክስ ሠሪዎ ይንገሩ፣ ሳይነገረው ላያውቅ ይችላል።

አንድ መለያ አለ። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት በስልክ የሚሠሩ ሴትልመንት ኩባንያዎች ቢያንስ አንድ ዕዳ አስማምተው፣ እርስዎ ተስማምተው፣ አንድ ክፍያ እስኪከፈል ድረስ ሳንቲም መቀበል አይችሉም። «ለፋይል መክፈቻ» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ይዝጉ።

«አማካሪው ወጪዬን ካየ ለቤተሰብ መላክ ይከለክለኛል»

የመከልከል ሥልጣን የለውም። ችግሩ ተደብቆ ሲቀር ነው። በወር 300 ዶላር ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው ይሉኝታ ይዞት «ምንም አልልክም» ብሎ ካስመዘገበ፣ በወረቀት ላይ 300 ዶላር ትርፍ ያለው ይመስላል፤ ዕቅዱም በዚያ ይሠራል። ከዚያ እናት ታመመች ሲባል ክፍያው ይዘላል፣ ክፍያ ሲዘለል ደግሞ ባንኩ የቀነሰውን ወለድ መልሶ ሊያነሣው ይችላል። የሚልኩትን እንዳለ ይንገሩ። ቢቀነስ እንኳ ስንት ሊቀነስ እንደሚችል እርስዎ ይወስናሉ።

ዕቁብም እንዲሁ። አሜሪካዊ አማካሪ ዕቁብ ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል በግልጽ ያስረዱት፦ ዕጣዎ ከወጣ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው፣ ዙሩ እስኪያልቅ በየወሩ ወጪ ላይ ይቀመጥ፤ ካልወጣ ቁጠባ ነው። ዕቁብ የባንክ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ዕጣቸው ላልወጣ ግን የዕቁቡን ዳኛ ማናገር አንድ መንገድ ነው፤ ብዙ ዕቁቦች ችግር ለገጠመው ተራ ያስቀድማሉ ወይም ተራ መለዋወጥን ይፈቅዳሉ። በ26 በመቶ ወለድ የሚበላ ካርድ ላይ የሚያርፍ የዕቁብ ገንዘብ በጊዜ ቢመጣ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መተግበሪያው ላይ የሚታየው ገቢ ኪስ የሚገባው አይደለም። የመጨረሻዎቹን 6 ወራት አማካይ ይውሰዱ፤ ከዚያ ላይ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገናና በየሩብ ዓመቱ የሚከፈለውን ታክስ ይቀንሱ። ታክሱን ሳይቀንስ ዕቅድ የገባ ሰው ሚያዝያ ላይ፣ ፈረንጆቹ ኤፕሪል በሚሉት፣ ዕቅዱ ይፈርስበታል።

ለቀጠሮው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የቅርብ ጊዜ ፔይስተብ ወይም የባንክ ስቴትመንት፣ የእያንዳንዱ ካርድ የመጨረሻ ቢል (ወለዱ በመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳየው ገጽ ጭምር)፣ ከኮሌክሽን የመጡ ደብዳቤዎች፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ካለ እሱ ከሁሉ በፊት። ክሬዲት ሪፖርትን ከሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች በየሳምንቱ በነጻ ከአንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ማውጣት ይቻላል፤ የረሱት ዕዳ እዚያ ይገኛል።

«እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ልጄ ታስተርጉምልኝ»

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የወላጆቿን ዕዳ እንድታስረዳ ባይሆን ይመረጣል፤ እፍረት ስላለ ወላጅም ግማሹን ይደብቃል። ስልኩ ሲነሣ ስምዎን ከመናገርዎ በፊት «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ይበሉ፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአስተርጓሚውን ድምፅ ካወቁት፣ ማኅበረሰቡ ጠባብ ስለሆነ ይህ ያጋጥማል፣ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም።

«ምክር ከጠየቅሁ ክሬዲቴ ይበላሻል»

መጠየቅ ነጥብ አይቀንስም። ነጥብ የሚጥለው ያልተከፈለው ወርና ጣሪያው የደረሰው ካርድ ነው።

«ካልከፈልኩ እታሰራለሁ፣ ወረቀቴም ይበላሻል»

በክሬዲት ካርድ ወይም በሆስፒታል ዕዳ እስር የለም። የ1977ቱ የዕዳ ሰብሳቢዎች ሕግ ሰብሳቢ ድርጅቶች በእስር እንዳያስፈራሩ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውሉ፣ ስለ ዕዳዎ ለጎረቤት ወይም ለአሠሪ እንዳያወሩ ይከለክላል። የስልክ ጥሪም ከ2021 ወዲህ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ከ7 ጊዜ ከበለጠ ሕጉን እንደጣሱ ይገመታል። የዕዳውን ዝርዝር የያዘ ማሳወቂያ ሊሰጡዎት ይገባል፤ ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ «አረጋግጡልኝ» ካሉ ማረጋገጫ እስኪልኩ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለባቸው። በስልክ የተነገረ ተቃውሞ ይህን ጥበቃ አይሰጥም።

የዜግነት ማመልከቻው ስለ ዘገየ ግብር ይጠይቃል፤ ስለ ክሬዲት ካርድ አይጠይቅም። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከግብር ጋር መስማማት ይቅደም፤ የልጅ ቀለብም ያለበት እንዲሁ።

«የፍርድ ቤቱን ወረቀት ካልተቀበልኩት ክሱ አይሠራም»

ይህኛው በጣም ውድ ስሕተት ነው። በቨርጂኒያ በር ላይ ተለጥፎ እንኳ እንደ ደረሰዎት ሊቆጠር ይችላል። የቨርጂኒያው ወረቀት «ዋራንት ኢን ዴት» ስለሚል ፖሊስ ሊይዛቸው የመጣ መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ፤ ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቀን ቀርቦ «አልስማማም» ካሉ ዳኛው ሌላ ቀን ይቀጥራል።

በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት መጥሪያው ላይ «ኖቲስ ኦፍ ኢንተንሽን ቱ ዲፌንድ» (እከራከራለሁ የሚል ማሳወቂያ) የሚል ክፍል አለ። ወረቀቱ በደረሰዎት በ15 ቀን ውስጥ ሞልተው መመለስ አለብዎት፤ ክፍያ የለውም። ካልመለሱ ዳኛው በከሳሹ ወረቀት ብቻ ሊፈርድ ይችላል። በዲሲ ደግሞ እስከ 10,000 ዶላር ያለው ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክስ ችሎት) በቀጠሮው ቀን መቅረብን ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ያስፈልጋል።

መቅረብ ለምን ይጠቅማል? ዕዳውን ከባንኩ በርካሽ የገዙ ድርጅቶች የተሟላ ሰነድ የሌላቸው ጊዜ ብዙ ነው። ዕዳው የቆየም ሊሆን ይችላል፦ በሜሪላንድና በዲሲ የክስ ጊዜው በአጠቃላይ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ ለተፈረመ ውል 5 ዓመት ነው። ዳኛው ግን «ጊዜው አልፏል» ብሎ ራሱ አያነሣልዎትም። ከተፈረደ በሜሪላንድ ፍርዱ 12 ዓመት ይጸናል፣ ሊታደስም ይችላል፤ በፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ያለ ዕዳ ከታክስ በኋላ ካለው ደሞዝ እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል፣ አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ የበለጠ ይከላከላሉ። ከፍርድ በኋላም ፍርድ ቤቱ ስለ ንብረትዎ ሊጠይቅዎት ከጠራ ይቅረቡ፤ ዳኛ ሰው እንዲያዝ የሚያዝዘው ለዕዳው ሳይሆን ጥሪው ስለተናቀ ነው።

«እኔ ኮሳይን ያደረግሁት ለምስክርነት ነው»

ኮሳይን ያደረገ፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ የፈረመ ሰው ሙሉ ባለ ዕዳ ነው፤ አበዳሪው በቀጥታ ወደ እሱ መምጣት ይችላል። «መኪናውን ከመለስን ያልቃል» የሚባለውም አያልቅም። መኪናው በጨረታ ይሸጣል፤ 18,000 ዕዳ ያለበት በ11,000 ቢሸጥ የቀረው 7,000 ከነወጪው በሁለቱም ላይ ይቆያል። መኪናው ከመወሰዱ በፊት ሁለታችሁም በአንድነት አማካሪ ብታነጋግሩ ራስ ሸጦ መክፈል ወይም የክፍያ ጊዜ ማራዘም ገና በእጅ ነው።

«የሆስፒታል ቢል በካርድ ከፍሎ መገላገል ይሻላል»

በካርድ ሲከፍሉት ወለድ የማይወልደው ቢል ወለድ ይጀምራል፤ የሆስፒታሉ እርዳታም ያመልጣል። ለትርፍ የማይሠሩ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ የማውጣት ግዴታ አለባቸው፤ ከሕክምና በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ ጀምሮ ማመልከቻን ለ240 ቀን መቀበል አለባቸው። በሜሪላንድ ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር 200 በመቶ በታች ለሆነ ቤተሰብ ሆስፒታሎች ነጻ ሕክምና መስጠት አለባቸው። ቢሊንግ ክፍል ደውለው «ፋይናንሻል አሲስታንስ አፕሊኬሽን» ይጠይቁ። ቀድሞ «በወር 50 ዶላር» ተብሎ የተስማማ ሰውም ማመልከት ይችላል።

«ባንክራፕሲ ማለት ቤትና ዕቃ መወረስ ነው»

ቻፕተር 7 የሚባለውን የባንክራፕሲ ዓይነት የሚያስገቡ አብዛኞቹ ሰዎች የሚወረስ ንብረት የላቸውም፤ ሕጉ የቤት ዕቃና የተወሰነ ዋጋ ያለው መኪና ያስቀርላቸዋል። የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር ነው፤ ገቢው ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ በታች የሆነ ሰው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። የልጅ ቀለብን፣ የቅርብ ጊዜ ግብርንና አብዛኛውን የተማሪ ብድር አያጠፋም፤ በክሬዲት ሪፖርት ላይም 10 ዓመት ይቆያል። ማስገባት የሚቻለው ከዚያ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የምክር ሰርተፊኬት ከወሰዱ በኋላ ነው። ለዚህ የሚጠየቀው አነስተኛ ክፍያ ለማይችል ሰው ይቀራል፤ ሰርተፊኬቱ ግን 180 ቀኑ ካለፈው እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል።