የሬዚን ስርገት ምንድን ነው?

የፋይበር ግላስ ጀልባ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት ነው፦ ተሸምኖ የተደራረበ ቀጭን የመስታወት ክር፣ እና ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ የደረቀ ሬዚን፣ ማለትም ክሮቹን አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ። ሬዚኑ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር እያስወጣ ቦታውን ሲይዝ ስርገት እንለዋለን። ቀላል ይመስላል፤ ግን የጀልባው ዕድሜ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ግምት፣ ውስጡ የቀረ 1 በመቶ አየር ንብርብሮቹ እንዳይላቀቁ የሚይዘውን ጥንካሬ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

መጀመሪያ ፈሳሹ ክሩን ማርጠብ አለበት። ጠብታ ንጹህ መስታወት ላይ ይነጠፋል፣ ቅባት የነካው ላይ ግን ተሰብስቦ ይቆማል። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካነሰ፣ ፈሳሹ በራሱ ወደ ጠባብ ክፍተት ይሳባል። ከበለጠ ካልገፉት አይገባም። ፋብሪካዎች የመስታወት ክሩን ገና ሲያመርቱ ከሬዚን ጋር የሚያስማማ ስስ ሽፋን የሚቀቡት ለዚህ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ዙሪያ እንሰት ሲፋቅ የሚተርፈው ቃጫም ለዚህ ሥራ ይሞከራል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም በጣም እደግፈዋለሁ። ችግሩ ቃጫ እርጥበት ይወዳል፣ ሬዚን ደግሞ እርጥብ ነገር ላይ በደንብ አይያዝም። ስለዚህ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ በደንብ ታጥቦም በደንብ ይደርቃል። በተለይ በክረምት።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የመስታወት ክር ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ ሺዎቹ ተጠቅልለው አንድ ጥቅል ይሆናሉ። ስለዚህ ሬዚኑ ሁለት መንገድ አለው። በጥቅሎቹ መካከል ያለው ሰፊ ነው፤ እዚያ የሚያስኬደው ግፊት ነው። በጥቅሉ ውስጥ ያለው ግን በጣም ጠባብ ነው፤ እዚያ ሬዚኑ በኩራዝ ክር ላይ እንደሚወጣ ጋዝ በራሱ ይሳባል። በጣም ካፈጠኑት በሰፊው መንገድ ቀድሞ ያልፍና ጥቅሉ ውስጥ አየር ያፍናል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ጥቅሉ ይቀድምና አየሩ በጥቅሎቹ መካከል ይቀራል። ሁለቱ እኩል የሚደርሱበትን ፍጥነት ማግኘት ነው ጥበቡ።

ፍጥነቱን የሚገዛው ሕግ የተገኘው ከውሃ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 እ.ኤ.አ. ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ አሳተመ። ግፊት ሲጨምር ይፈጥናል፤ ፈሳሹ ሲወፍር ይዘገያል። ግፊቱ ካልተለወጠ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ረጅም ጀልባ ላይ ሬዚኑን ከአንድ ጫፍ ብቻ ማስገባት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሐዋሳ ላይ አንድ ነገር ይለያል። በቫኩም ሲሠራ፣ ማለትም ክሩ የተነጠፈበት ሻጋታ ታሽጎ ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ሲመጠጥ፣ ሬዚኑን የሚገፋው ፓምፑ ሳይሆን የውጭው አየር ነው። በባሕር ጠለል ይህ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወደ 82 ይወርዳል። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ሻጋታው ለመሙላት ሩብ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። ከዩቲዩብ የወሰዳችሁትን ሰዓት እንዳለ አትከተሉ፤ ሬዚኑ ሳይደርስ ሊረጋባችሁ ይችላል። ሙቀት ያቀጥነዋል፣ ግን መርጊያ ጊዜውንም ያሳጥራል። ሬዚኑን ቀስ ብሎ የሚያረጋ ሃርድነር (ሬዚኑ እንዲደርቅ የሚቀላቀል ማጠንከሪያ) ምረጡ፣ ማስገቢያውን አብዙ። የቫኩም ጌጁ 82 አካባቢ ደርሶ ቢቆምም ፓምፑ ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።