«የ3 ወር ስኳር» ምንድን ነው? አንድ ኬክስ ምን ያደርገዋል?

የሐኪም ቀጠሮ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁላችንም ጨዋ እንሆናለን። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ማታ ግማሽ እንጀራ ይበቃል። በቀጠሮው ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ ሄደን ደም እንሰጣለን። 118! ደስ ይላል። ሐኪሙ ግን ሌላ ወረቀት ይገልጥና «ይሄኛውስ? 8.3 ነው» ይላል። እኔ የተያዝኩት እንደዚህ ነው። ያስያዘኝም «የ3 ወር ስኳር» የሚሉት ምርመራ ነው።

የላቦራቶሪ ስሙ ኤችቢኤዋንሲ ነው። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። በደም የሚዞረው ስኳር እሱ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ሴሉ ዕድሜውን እስኪጨርስ አብሮት ይኖራል። ምርመራው የሚቆጥረው ከሄሞግሎቢኑ ስንት በመቶው ስኳር እንደተለጠፈበት ነው። ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት ይናገራል። ሁሉንም ወር እኩል አያይም፤ የመጨረሻው ወር ድርሻ ይበልጣል። ቢሆንም የአንድ ሳምንት ጨዋነት አያታልለውም።

የእናቶቻችንን ማድ ቤት አስቡት። ጣሪያው ላይ ጥላሸት አለ። አንድ ቀን እርጥብ እንጨት ቢጨስ ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ጣሪያውን አያጠቁረውም። ያጠቆረው የየቀኑ ጭስ ነው። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር የዛሬ ጠዋቱን ጭስ ያሳያል፤ የ3 ወሩ ደግሞ ጥላሸቱን።

ቁጥሩን ለማንበብ ያህል፣ 6.5 በመቶ እና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር ሕመም ነው ይባላል። ስኳር ላለባቸው ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በታች ነው። በዕድሜ ለገፉና ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪሙ ትንሽ ላላ ያደርገዋል። 7 ማለት ቤት ውስጥ በመለኪያው በምናየው ቁጥር (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲተረጎም አማካዩ 154 ነው፤ 8 ደግሞ 183። በአንዷ ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 29 ነው ማለት ነው። ይቺን 29 ያዙልኝ፣ ኬኩ ጋ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

እንግዲህ ኬኩ። ፒያሳ ኬክ ቤት ከጓደኞች ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ቁራጭ በላችሁ እንበል። ስኳራችሁ በ100 ጨመረና ለ3 ሰዓት ያህል እዚያው ቆየ። ብዙ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያጋነንኩት። አሁን ይህን ጭማሪ (100 በ3 ሰዓት ሲባዛ 300) በ90 ቀን፣ ማለትም በ2,160 ሰዓት ላይ አካፍሉት። አማካዩን የሚጨምረው 0.14 ብቻ ነው። 29 ሲሆን ነው አንድ ነጥብ የሚሞላው። ወረቀቱ ላይ ጭራሽ አይታይም።

ያንኑ ነገር በየቀኑ ብታደርጉትስ? አማካዩ በ12.5 ይጨምራል። 7 የነበረው ወደ 7.4 ይሄዳል። በቀን ሦስቴ ከሆነ ከ8 አለፈ። የሰፈር ሒሳብ ነው፣ የሰው አካል እንዲህ ልክ በልክ አይሠራም። አቅጣጫው ግን ይኼው ነው።

እኔም 8.3 ሲወጣ መጀመሪያ የረገምኩት የመስቀል ዕለት የበላሁትን ነበር። አክስቴ «በሞቴ» እያለች ያጎረሰችኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። (የ«በሞቴ» ካርቦሃይድሬት በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አልተመዘነም።) ነርሷ ግን ስለ መስቀል አልጠየቀችኝም። «በቀን ስንት ማኪያቶ ይጠጣሉ?» አለችኝ። ሦስት። «ስኳርስ?» ሁለት ሁለት ማንኪያ። ወረቀቷ ጀርባ ላይ አሰላችልኝ። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ነው፤ ስለዚህ በቀን 24 ግራም። በ90 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ! ሁለት ኪሎ ስኳር ከሱቅ ተሸክሜ ብገባ ቤት ውስጥ ጦርነት ይነሳ ነበር። በስኒ ሲገባ ግን ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር።

ከዚያ ወዲህ ማኪያቶዬ ያለ ስኳር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ በሦስተኛው ምላሴ ለመደው። ኬኩን አልተውኩም። በወር አንዴ፣ አንድ ቁራጭ።

ይህ ምርመራ የማያየውም ነገር አለ። አማካይ አማካይ ነው። አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ 150 አካባቢ ይውላል። ሌላው 60 ይወርዳል፣ 280 ይወጣል። የሁለቱም ወረቀት 7 ሊል ይችላል። ጣትን መውጋት ያልቀረው ለዚህ ነው። የደም ማነስ ያለበት፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰውም ቁጥሩ ሊዛባበት ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

የመውረዱን ነገር እንደ ቀላል አትዩት። ማታ ሠርግ አለ ብሎ ምሳ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ «ለማታው ቦታ ልተው» ነው ነገሩ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው እንዲህ ካደረገ ድግሱ ሳይጀመር ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከ70 በታች ከወረደ ለስላሳው ራሱ መድኃኒት ነው። ግማሽ ትንሽ ጠርሙስ ጠጥቶ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ለኬክ ሲባል ኢንሱሊንን በግምት መጨመርም ያው አደጋ አለው። ስንት ይጨመር የሚለውን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል።

የወር ኬኬን የምበላው ምሳ በልቼ ነው። ምሳው ላይ እንጀራውን እቀንሳለሁ፤ ጎመኑን፣ ሰላጣውንና ሥጋውን አስቀድማለሁ፣ እንጀራው ወደ መጨረሻ ነው። ወጥን ጠርጎ መብላት ለለመደ ሰው ያስቃል፤ ግን ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ከኬኩ በኋላ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ፖስታ ቤት በእግር። ታክሲ የለም። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ ይቺ ሩብ ሰዓት ዋጋ አላት። መብላት ከጀመርኩ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ጣቴን እወጋለሁ። ከ180 በታች ከሆነ ተርፌያለሁ።

ባለፈው ወር 171 ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ደግሞ ኬኩን ትቼ «ለጤና» ብዬ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ጠጣሁ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ላዩ ላይ ሎሚ። ፍራፍሬ አይደል? 243።