«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ»፦ ተረቷና የቴክሳሱ ሮኬት

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣
አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ይህችን ተረት የማያውቅ የለም። ሙሉዋን የሚናገራት ግን ጥቂት ነው። አንዱ ሳያጣራ በገዛው መኪና ሲንገበገብ፣ ሌላዋ ሳታነብ በፈረመችው ውል ስታለቅስ፣ አጠገብ ያለ ሰው ራሱን ነቅነቅ ያደርግና «ቀድሞ ነበር እንጂ!» ይላል። ቀሪውን ሰሚው በሆዱ ይሞላዋል።

ተረቷ የወጣችው ከጓዳ ነው። ወጥ ሊሠራ ነው እንበል። ሽንኩርቱ ይከተፋል። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ይደቆሳል። ይህ ሁሉ እሳት ሳይነድ የሚያልቅ ሥራ ነው። ድስቱ አንዴ ከተጣደ ሰዓቱን የሚቆጥረው እሳቱ ነው። ሽንኩርቱ ከሥር መያዝ ሲጀምር «ውይ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አልደቆስኩም!» ብትል ማንም አይጠብቃትም። ወይ ያረረ ወጥ ታቀርባለች፣ ወይ ድስቱን አውርዳ እንደገና ትጀምራለች። ለማልቀስማ ሽንኩርቱ ብቻውን ይበቃት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች። ተረቷ «መደቆስ» ብላ አላቆመችም፣ «መጥኖ» አለች። የሚደቁስ ሞልቷል። ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ የደቆሰ ሰው ግን ጭራሽ ካልደቆሰው ብዙም አይሻልም። ቢያንስ ያኛው እንዳልደቆሰ ያውቃል።

አሁን ወደ ሮኬቱ። ያ ሳምንት እኛ ቤት ድስት ከእሳት ያልወረደበት ሳምንት ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 8 ውሎ ነበር፣ ኢድ አልፈጥር ደግሞ ሚያዝያ 13። በመካከሉ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡33 ላይ፣ የኢላን መስክ የሮኬት ድርጅት ስፔስኤክስ ቴክሳስ ውስጥ ቦካ ቺካ ከሚባል የባሕር ዳርቻ ስታርሺፕ የተባለውን ግዙፍ ሮኬቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ገጣጥሞ አስወነጨፈ። ሰኞ ሊነሣ ነበር፣ አንድ ቫልቭ በቅዝቃዜ ደርቆ ስለያዘ ተራዘመ።

ቁመቱ 120 ሜትር ያህል ነው። ከሥሩ 33 ሞተሮች አሉት። አሜሪካኖቹን ጨረቃ ላይ ያደረሰው ሳተርን 5 እንኳ ቁመቱ 110 ሜትር ገደማ፣ ጉልበቱም ከዚህኛው ግማሽ በታች ነበር። ሞተሮቹ ተለኮሱ። ሮኬቱ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ንቅንቅ አላለም። የሚያይ ሰው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ከአቧራው መሐል ቀስ ብሎ ብቅ አለ። 3 ሞተሮች ከመነሻውም አልሠሩም፣ ሽቅብ ሲወጣም ሌሎች ተጨማሪ ጠፉ። 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መቆጣጠሪያው ከእጅ ወጣና ይገለባበጥ ጀመር። ራሱን እንዲያጠፋ ትእዛዝ ደረሰው። እሱንም በቶሎ አልታዘዘም፣ ለመበታተን 40 ሰከንድ ያህል ፈጀበት። ከተነሣ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር አበቃ።

ሰዉን ያነጋገረው ደግሞ ከፍንዳታው ይልቅ ጭብጨባው ነው። ካሊፎርኒያ ሆቶርን ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሰበሰቡት ሠራተኞች ሮኬታቸው ሰማይ ላይ ሲበጣጠስ ጮኸው አጨበጨቡ። «ምን ነካቸው? የስንት ሚሊዮን ዶላር ዕቃ እየነደደ ይጨበጨባል እንዴ?» ያለው ብዙ ነበር። ድርጅቱም ለሳቁ የሚሆን አቀበለ። ፈነዳ በማለት ፋንታ «ፈጣን ያልታቀደ መበታተን» አጋጠመው ብሎ ጻፈ። በዚያው ቀን ትዊተር ነባሮቹን ሰማያዊ የማረጋገጫ ምልክቶች ከሰው ስም ላይ ሲያነሣ መዋሉ ነገሩን አባሰው። ምልክቱን የተነጠቀ ሰው የትዊተርም ባለቤት በሆነው በመስክ ላይ ቂም ይዟል። ቂም ላለው ሰው ደግሞ የፈነዳ ሮኬት ከሰማይ የወረደ መና ነው።

በሌላ በኩል የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ የዚያን ጊዜ አለቃ ቢል ኔልሰን እንኳን ደስ አላችሁ አሉ። ባይሉ ነበር የሚገርመው። ናሳ ጠፈርተኞቹን ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ለዚሁ መንኮራኩር የ2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውል ሰጥቷል።

እንግዲህ ተረቷ እዚህ ታሪክ ውስጥ የት ላይ ነው የምትገባው? እኔን ከጠየቃችሁ ሮኬቱ ላይ አትሠራም። ከሮኬቱ ሥር ያለው ኮንክሪት ላይ ግን ልክክ ትላለች።

ሮኬቱ ላይ የማትሠራው ለምንድን ነው? ሮኬቱን የላኩት እንዲፈተን እንጂ ዕቃ እንዲያደርስ አልነበረም። ሰው አልጫነም። መስክም አስቀድሞ የመሳካት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ብሎ ነበር። እዚያ ቤት ሮኬት እያፈነዱ መማር የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ሮኬታቸው ፋልከን 1 ሦስት ጊዜ ከሽፎ በ4ኛው፣ በ2001 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው ምሕዋር የገባው። ስለዚህ የሚያዝያው በረራ ገና መደቆስ ነበር፣ ድስቱ አልተጣደም። የሆቶርን ልጆች ያጨበጨቡት ለፍንዳታው አልነበረም፣ ሮኬቱ ከመሬት ለቆ እዚያ ድረስ በመሄዱ ነው። ጭብጨባው ለተመልካች ደስ አይልም፣ እሺ። ግን እብደት አልነበረም።

ኮንክሪቱስ? እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ትልልቅ ሮኬቶች ሲነሡ ከሥራቸው የሚወጣው እሳት መሄጃ ያስፈልገዋል። ፍሎሪዳ ባለው የናሳ የኬኔዲ ጠፈር ማዕከል ለዚህ ተብሎ እሳቱን ወደ ጎን የሚያወጣ ሰፊ ቦይ አለ፣ ውኃም በብዛት ይለቀቅበታል። ቦካ ቺካ ላይ በዚያን ቀን ቦዩም ውኃውም አልነበረም። እሳቱ በቀጥታ የሚያርፈው ሙቀት ይችላል በተባለ ኮንክሪት ላይ ነበር። ይህ ሳይታሰብ የቀረ ነገር ቢሆን ባልገረመኝ። መስክ ራሱ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ ያለ እሳት ማዞሪያ ለመሥራት እንደሚሞክሩ ጽፎ፣ ይህ ግን ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል ብሎ ጨምሮበት ነበር። አያችሁ? ባለቤቱ አውቆታል።

ከበረራው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎም ስለ ስኬት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ ችግር ከመፈጠሩ በፊት ከመወንጨፊያው ከራቀ ይበቃኛል፣ ብቻ መወንጨፊያውን እንዳያፈነዳብኝ የሚል መንፈስ ነበረው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሶቪየቶች 30 ሞተር የነበረው ኤን 1 የሚባል ግዙፍ ሮኬታቸው በ1961 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ተመልሶ ወድቆ መወንጨፊያውን አውድሞባቸዋል። ስታርሺፕ ግን ሳይፈነዳ፣ እየተነሣ ብቻ፣ የፈሩለትን መወንጨፊያ ቆፈረው። ኮንክሪቱ ተሰነጣጠቀ፣ ተገነጣጠለ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ተጋልጦ ጉድጓድ ሆነ። ስብርባሪው እየበረረ ባሕሩ ውስጥ ሲወድቅ በቪዲዮ ታይቷል። አንዱ ጓል ደግሞ ለቀረጻ ቆሞ የነበረን ሚኒቫን ከኋላ ሲመታው፣ እዚያው የተተከለ ካሜራ ቀርጾታል። እኔ ያንን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ከሮኬቱ ፍንዳታ ይበልጥ ያስደነግጣል።

መስክ በኋላ የሰጠው ማብራሪያ ከራሷ ከተረቷ የተቀዳ ይመስላል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ትልቅ የብረት ወለል ከሦስት ወር በፊት መሥራት ጀምረን ነበር፣ አልደረሰልንም፣ ኮንክሪቱም አንድ በረራ ይችላል ብለን በስሕተት ገመትን አለ። ግምቱ ከየት መጣ? የካቲት 2 ቀን ሮኬቱን አስረው 31 ሞተሮችን ለኩሰው ነበር። ኮንክሪቱ ያን ጊዜ ቻለ። ሞተሮቹ ግን የሠሩት በግማሽ ጉልበት ገደማ ነው። «መጥኖ» ያልኳችሁ እዚህ ትመጣለች። ደቁሰዋል፣ አልደቆሱም አይባልም። የመጠኑት ግን ለግማሹ እንግዳ ነው። ወለሉ እየተሠራ መሆኑን እያወቁ ድስቱን ጣዱ።

መስክ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ እንደገና እንበራለን ብሎ ነበር። 7 ወር ፈጀ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ምርመራውን ጳጉሜን 3 ሲዘጋ 63 የሚስተካከሉ ነገሮችን ዘርዝሮ ነው። ብረቱ ተነጠፈ፣ ውኃው ተዘረጋ። ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲነሣ 33ቱም ሞተሮች ሠሩ፣ ቡስተሩ፣ ማለትም የታችኛው ገፊ ክፍል፣ እና ከላይ ያለው መንኮራኩርም ተለያዩ። ሁለቱም አሁንም ተራ በተራ ፈነዱ። መወንጨፊያው ግን ደህና ነበር።

ተረቷ የማትነካው አንድ ነገር ይቀራል። በተረቷ ውስጥ ያለችው ባለሙያዋ ብቻዋን ናት። ያጠፋችውም የምታለቅሰውም እሷው። ቦካ ቺካ አካባቢ ግን ጎረቤት አለ። ከመወንጨፊያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ፖርት ኢዛቤል ቤት ተንቀጠቀጠ፣ መኪናና በረንዳ ላይ አሸዋ የመሰለ ቡናማ ነገር ዘነበ። የአሜሪካ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የኮንክሪትና የብረት ስብርባሪ ከ150 ሄክታር በላይ ላይ ተበትኖ እንዳገኘ፣ ከአንድ ሄክታር በላይ የሚሆን የፓርክ መሬትም እንደተቃጠለ ገልጿል። በጥበቃ ሥር ባለው መሬት ላይ የሞተ ወፍ ወይም እንስሳ አልተገኘም፣ ይህንንም አብሮ መናገር ይገባል። ሚያዝያ 23 የአካባቢ ተቆርቋሪ ማኅበራትና ካሪዞ ኮሜክሩዶ የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለበረራው ፈቃድ የሰጠውን ያንኑ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ከሰሱ።

በረራውን ለማየት ሳውዝ ፓድሬ ደሴት ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ ሲጨፍር የዋለው በዚያው ጠዋት ነው። ሁለቱም እዚያው ሰፈር ነበሩ፣ የሚጨፍረውም መኪናውን የሚያጥበውም።

እንግዲህ ተረቷን ስትጠቀሙባት ለማን እንደምትነግሯት ተጠንቀቁ። ለመስክ ብትነግሩት ይቀበላችኋል፣ ራሱም ብሎታልና። መሐንዲሶቹም ለቀጣዩ ሥራቸው ይሰሟችኋል። ፖርት ኢዛቤል በረንዳዋን ለምትጠርግ ሴት ግን «ቀድሞ ነበር እንጂ» ማለት ነውር ነው። ድስቱን የጣደችው እሷ አይደለችም።