አፎቻና ዕድር በሐረር

አፎቻ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ ሐረሪዎች የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። ጎረቤታሞች ይሰባሰቡበታል፤ ወንዶች የራሳቸው፣ ሴቶችም የራሳቸው አፎቻ አላቸው። ከአንድ ቤት ጀናዛ ሲወጣ የአፎቻው ሰዎች ቀብሩን ያስፈጽማሉ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ሰርግ ሲደገስም ሥራው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። መዋጮ አለ፤ ከመዋጮው የሚከብደው ግን መገኘት ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ከለቅሶ የቀረ ሰው ግዴታውን ተወጣ አይባልም። ከአፎቻ ሌላ ሐረሪ አህሊ የሚለው ዘመድ አለው፤ የልብ ወዳጅም አለው። ሦስቱ ተደራርበው ስለሚይዙት በችግሩ ቀን ብቻውን አይቀርም።

ከግንቡ ውጭ በሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ዕድር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጥለታል፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ይገዛል፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የተወሰነ ገንዘብ ይሰጣል። ዕድር ከአፎቻ ይልቅ በመተዳደሪያ ደንብና በደረሰኝ ይሄዳል።

የመንግሥት ዋስትና የመጣው ዘግይቶ ነው። ጡረታ በ1955 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች ተደነገገ፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የደረሰው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ በ2007 ዓ.ም. ጸደቀ። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች መደገፊያ ፕሮግራም በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐረርና ድሬዳዋ ሁለቱም ነበሩበት። መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ልማት እየሠሩ ይከፈላቸዋል፤ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ሥራ ሳይጠየቁ ይደገፋሉ።

ለማኅበራዊ ፖሊሲ ተመራማሪ ሐረር ትልቅ ትምህርት ቤት የሆነችው የሰፈር ማኅበርና የመንግሥት ዋስትና እዚህ ጎን ለጎን ስለሚታዩ ነው። ምሁራኑ አፎቻንና ዕድርን ሲያወድሱ አንድ ነገር ሊዘነጉ አይገባም፤ የሁለቱም ብርታት ያለው በሞት ቀን ነው። ለረጅም ሕመም፣ ለሥራ ማጣት፣ ለኑሮ ውድነት የሚበቃ አቅም የላቸውም። አባሎቻቸው አንድ ሰፈር የሚኖሩ ስለሆኑ ችግር ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካል። ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ደግሞ የሚወጣው በጣም በሚቸገርበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጥናቱ ከወረዳው የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር ባይጀምር ይሻላል። የዕድሩ ጸሐፊ መዝገብ ይቅደም፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ መክፈል አቅቷቸው የወጡ አባላት ስም የተሰረዘባቸው መስመሮች ይታዩ።